የእትዬ ሚስማር ሳል

ያለፈው ክረምት ዝናብ እንዴት ያለ እንደነበር ላላየ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። እኔ ሞክሬ ውሸታም ተብያለሁ። ሰማዩ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ተከፈተ፤ ከዚያ በኋላ መዝጊያውን ያገኘው የለም። እኛ ሕንፃ ውስጥ በመጀመሪያው ሳምንት የተሰጣ አንሶላ በሦስተኛው ወር ሲነሳ ከተሰጣበት ቀን ይበልጥ ርሶ ነበር። የደረጃው መደገፊያ ሻገተ፤ ቆይቶ ሻጋታው ራሱ ሻገተ። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ጥርስ ሐኪም አንዲት እንቁራሪት ደረጃውን ስትወጣ አይቻለሁ ብሎ ምሏል፤ ጭንብል ማድረግ አለማድረጓን ግን አላስተዋለም። ለዚህ ቸልተኝነቱ ከሕንፃው ኮሚቴ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ቢደርሰው አይገርመኝም ነበር። ከውጭ ዝናብ፣ ከውስጥ ወረርሽኝ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ማስታወቂያ የሚዘንብበት ክረምት ነበራ!

ማስታወቂያውን የሚያዘንበው ሰብሳቢያችን ነው። ሰውየው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የገበያ ሚዛንና ሜትር ትክክል መሆኑን ሲቆጣጠር ኖሯል። ጡረታ ከወጣ በኋላ የሚለካው ነገር አጥቶ፣ ከአራተኛ ፎቅ ቁልቁል እያየን ሲተክዝ፣ ወረርሽኙ ደረሰለት። በሰውና በሰው መካከል ሁለት ሜትር ይሁን የተባለ ዕለት በዓለም ላይ እንደ እሱ የተደሰተ ፍጡር አልነበረም። የብረት ሜትሩን ከመሳቢያ አውጥቶ ወገቡ ላይ ሻጠ። ሁለት ሴቶች ደረጃ ላይ ቆመው ሲያወሩ ካየ ሜትሩን ዥው አድርጎ በመሃላቸው ይዘረጋዋል።

“አንድ ሜትር ከሰማንያ ሰባት! አሥራ ሦስት ሴንቲ ይጎድላል! ወደ ኋላ!”

ከዚያ ወዲህ ስሙ “ሁለት ሜትር” ሆነ። የገዛ ቁመቱ አንድ ሜትር ከስልሳ አይሞላም፤ ይህን ግን ለክቶ የነገረው የለም።

ይህ ጽሑፍ ግን የእሱ ታሪክ አይደለም። የምድር ቤቷ የእትዬ ሚስማር ታሪክ ነው።

እትዬ ሚስማር ጣሪያ ሠሪ ናት። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች ሴት ናት፤ አናቷን በተመታች ቁጥር ይበልጥ ትጠብቃለች እንጂ አትነቀልም። ሙያውን የወረሰችው ከአባቷ ነው። አባቷ “ወንድ ልጅ ለምኜ ሚስማር ተሰጠኝ” እያለ አሥራ አንድ ዓመቷ ላይ ጣሪያ ላይ አወጣት፤ ከዚያ ወዲህ በወግ የወረደችው ለሠርጓ ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን ሙሽሪት ሆና ተቀምጣ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ እድፍ አይታ ለአዳራሹ ባለቤት “በስተቀኝ ሦስተኛው ቆርቆሮ፣ ሚስማሩ ላልቷል” ብላዋለች። ባሏ ሦስት ዓመት ታግሶ “እኔ ከመሰላል ጋር አልኖርም” ብሎ ሄደ። እሷም “መሰላሉ እንኳ ሲደገፉት ይችላል” አለች፤ ከዚህ ሌላ ስለ ትዳር የተናገረችው ነገር የለም።

አባቷ አሁን ሰማንያን አልፏል። ሃምሳ ዓመት ቆርቆሮ ላይ መዶሻ ሲያሳርፍ የኖረ ጆሮ ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። ስለዚህ አባትና ልጅ የሚነጋገሩት በጩኸት ነው፤ ሕንፃው በሙሉ፣ ወዶም ሳይወድም፣ የእነሱን ጓዳ ያውቃል።

“አባባ! ካልሲህን ቀይር!”

“ምን?”

“ካልሲህን!”

አራተኛ ፎቅ ድረስ ያለ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ የራሱን ካልሲ ያያል።

ሽማግሌው በቀን ውስጥ አንድ ደስታ ብቻ ነበረው። ግቢው ውስጥ፣ ከበራቸው አጠገብ፣ ጣሪያው ወጣ ያለበት ክፍካፍ ሥር አንዲት የእንጨት ወንበር አለችው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እዚያ ይቀመጣል፤ ፀሐይ ሲሆን ፀሐይ ይሞቃል፣ ዝናብ ሲሆን ውሃው አሸንዳው ውስጥ ሲሄድ ያያል። “ይሄን አሸንዳ የገጠምኩት እኔ ነኝ” ይላል ለሚያልፍ ሁሉ። ወንበሯን ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የተነሳው እሷ በተነሳች ጊዜ ነው።

ዝናቡ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ከሰብሳቢው መስኮት በላይ ያለው አሸንዳ መጋጠሚያው ላይ ተከፈተ። እትዬ ሚስማር ተጠራች። መሰላል ላይ ቆማ፣ ዝናብ እሳቷን እንዳያጠፋባት ላስቲክ ከላይ ተከናንባ፣ የብየዳ ካውያዋን እያጋለች ሁለት ቀን ሙሉ እስታኞ የሚባለውን የብየዳ ብረት አቅልጣ በየዳች። ለብየዳው የሚቀባው አሲድና እስታኞው ሲገናኙ የሚወጣው ጭስ በደህና ቀን ሽቅብ ይሄዳል፤ ላስቲክ ሥር ሲሆን ግን መሄጃው የሠሪው ሳንባ ነው። ሙያው ላይ ያሉ ሰዎች ሁሉ ያውቁታል። እንዲህ ካለ ሥራ በኋላ አንድ ሳምንት ይሳላል፤ ከዚያ ይተዋል። እሷም ሥራዋን ጨርሳ፣ መሰላሏን ተሸክማ ስትወርድ፣ ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ሳል ያዛት።

ሦስት ጊዜ። ሰብሳቢው ከላይ ሆኖ ቆጥሯል።

በማግስቱ የግቢው በር ላይና የደረጃው ሰሌዳ ላይ ይህ ተለጥፎ ተገኘ፦

“ማስታወቂያ። የምድር ቤት ነዋሪ የሆነችው ጣሪያ ሠሪ ትናንት ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ በሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ሦስት ጊዜ የሳለችና በሽታ አስተላላፊ መሆኗ የተደረሰበት ስለሆነ፤ አንቀጽ አንድ፣ እሷም ሆነች አባቷ ለአሥራ አራት ቀን ከቤታቸው እንዳይወጡ፤ አንቀጽ ሁለት፣ ማንኛውም የሳለ ሰው ኮሚቴው ተሰብስቦ እገዳውን እስኪያነሳለት ድረስ ከምድር ቤት በላይ እንዳይወጣ፤ አንቀጽ ሦስት፣ የአባትየው ወንበር ከግቢ እንዲነሳ ተወስኗል።”

ከሥሩ ማህተም አለ። የሰብሳቢው ማህተም መዝጊያ ላይ ቢመታ መዝጊያው ሕጋዊ ይሆናል።

እትዬ ሚስማር በመስኮቷ ብቅ ብላ አስረዳች። ስትናደድ “እርስዎ” ማለት ታበዛለች፤ ያን ዕለት በእርስዎ ላይ እርስዎ ደራረበች።

“ጋሼ ሰብሳቢ፣ እርስዎ ራስዎ ያውቃሉ፣ ይሄ እኮ የእርስዎ አሸንዳ ጭስ ነው! እርስዎን ዝናብ እንዳይመታ ብዬ የዋጥኩት ጭስ ነው!”

“ሳል ሳል ነው” አለ ሰብሳቢው ከሁለት ሜትር ላይ። “ከየት እንደመጣ አልመረመርኩም። ስንት ጊዜ እንደሆነ ነው የቆጠርኩት።”

ወንበሯንም አንስቶ ሄደ። ሽማግሌው “ወንበሬን ወዴት ነው የሚወስዳት?” ብሎ ጠየቀ። “ሊያጸዳት ነው አባባ!” አለችው። በሕይወቷ ለአባቷ ስትዋሽ የሰማናት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ድምፅዋም ያን ጊዜ አነሰ።

አሥራ አራት ቀን አለፈ። የጤና ባለሙያ መጥታ ሁለቱንም መረመረች፤ ምንም የለባቸውም ብላ በወረቀት ሰጠች። እትዬ ሚስማር ወረቀቱን ሰሌዳው ላይ ለጠፈች፤ ሰብሳቢው ነቀለው።

“ለምን ነቀሉት?”

“የእኛ ማህተም የለውም።”

“የሐኪም ማህተም አለው እኮ!”

“ሐኪሟ እዚህ ሕንፃ አትኖርም።”

“እሺ፣ አንቀጽ ሁለትን ኮሚቴው ያንሳልኝ። መቼ ነው የሚሰበሰበው?”

“መሰብሰብ ክልክል ነው።”

“ሲወስን እንዴት ተሰበሰበ ታዲያ?”

“ያን ጊዜ ብቻዬን ነበርኩ” አለ ሰብሳቢው ኮራ ብሎ። “ርቀቴን ጠብቄ።”

የሰብሳቢው ማስታወቂያ ግን በር ላይ እንደተለጠፈ ቀረ። ዝናብ እንዳያበላሸው በላስቲክ ሸፍኖታል፤ ለእሷ መልካም ስም ያልተገኘ ላስቲክ ለስድቧ ተገኘ። በመንደሩ ጣሪያ ሁሉ በሚያፈስበት፣ ጣሪያ ሠሪ እንደ ሚኒስትር በቀጠሮ በሚገኝበት ክረምት፣ በእጇ ከሁሉ የምትበልጠው ሴት ቤቷ ቁጭ አለች። ሥራ ሊያሠራት የመጣ ሰው በር ላይ ያነብና እግሬ አውጪኝ ይላል። ስሟም ተቀየረ፤ ሻይ ቤቶች ተዘግተው ወሬ ቤት ለቤት በሚታደልበት በዚያ ጊዜ “ያቺ የምትስለዋ” ተባለች። እኛም ጎረቤቶቿ አፋችንን በጭንብል ይዘን ዝም አልን። ጭንብሉ ለዚህ ደህና ነው።

ሥራው መቅረቱን ትችለው ነበር። ያንገበገባት ሌላ ነው። ሽማግሌው በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ኮቱን ለብሶ በሩ ድረስ ይሄዳል፤ ወንበሯ የነበረችበትን ቦታ ያያል፤ ይመለሳል፤ ግድግዳው ፊት ይቀመጣል። አንድ ቀን ይህን ካየች በኋላ አራቱም ፎቅ በሰማው ድምፅ እንዲህ ስትል ሰማናት፦

“አባባ! ይሄን ወረቀት የጻፈው ሰው፣ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ በገዛ አፉ ሐሰት ነው ይላል! እስከዚያ መዶሻ አላነሳለትም!”

“ምን?”

“ቂም ይዣለሁ ነው የምልህ!”

“ደግ! ደህና አድርገሽ ያዢው!” አለ አባቷ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ሚስማር በየጠዋቱ በር ላይ ቆማ ሰማይ ማየት ጀመረች። እኛ ዝናቡ እንዲያባራ ስንጸልይ እሷ በተቃራኒው ትጸልያለች። እኛ አርባ ሰው እንሆናለን፣ እሷ አንድ ናት፤ ግን ድምፅ ያላት እሷ ናት። በረዶ መጣ።

በረዶ ስል በረዶ እንዳይመስላችሁ። አንዱ ፍሬ የጥርስ ሐኪሙን መስኮት ሰብሮ ገባና ቀጠሮ እንደያዘ ሰው ታካሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ጎዳናው ላይ ያለው መብራት ምሰሶ ጎበጠ፤ ሲያጎነብስ ያየ ሰው እጅ የሚነሳ መስሎት አጸፋውን መልሷል። በረዶው ሃያ ደቂቃ ወርዶ ሲያቆም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሰብሳቢው አልጋ ላይ፣ በትክክል ትራሱ መሃል፣ አንዲት ጠብታ ወደቀች።

እዚህ ላይ ስለ ሙያው አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እትዬ ሚስማር ለማንም ትናገረዋለች፣ የሚሰማት የለም እንጂ። ውሃ የሚንጠባጠበው ከቀዳዳው ሥር አይደለም። በላይ በኩል ይገባል፤ ከዚያ አግዳሚውን እንጨት ይዞ ቀስ እያለ ይጓዛል፤ አንዳንዴ አምስት ስድስት ሜትር ሄዶ፣ ሲደክመው፣ ሌላ ሰው ራስ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ እሷ ከታች አትለካም። ጣሪያው ላይ በጉልበቷ ትሄዳለች፤ ቆርቆሮውን በጣቷ አንጓ ታንኳኳለች፤ ድምፁ የሰነፈበት ቦታ ላይ በጠመኔ ታከብበታለች።

ሁለት ሜትር ግን የሜትር ሰው ነው። አልጋው ላይ ቆሞ ለካ። ጠብታዋ ከግድግዳው ሁለት ሜትር ከአሥራ አራት፣ ከመስኮቱ አንድ ሜትር ከስድስት። ቁጥሩን ክንዱ ላይ ጽፎ፣ ጃንጥላውን ይዞ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ከግድግዳው ሁለት ሜትር ከአሥራ አራት፣ ከመስኮቱ አንድ ሜትር ከስድስት ላይ፣ አንዲት ደህና ቆርቆሮ ላይ፣ መጣፊያ አስቀምጦ በስምንት ሚስማር ቸነከረው። አንድ የሚያፈስ ቀዳዳ የነበረው ጣሪያ ዘጠኝ ኖረው።

በማግስቱ ጠብታዎቹን በሙሉ ለካ። በሙሉ ቸነከረ።

እትዬ ሚስማር ምድር ቤት ሆና ምቱን ታዳምጥ ነበር። የእያንዳንዱን መዶሻ ድምፅ ዓይኗን ጨፍና እንደ ሙዚቃ ሰማች። “አሥራ ስድስት” ትላለች። “ሃያ አራት... አሁንስ አግዳሚውንም ሰነጠቀው መሰለኝ፣ እሰይ!” አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ያን ሳምንት ፊቷ ላይ ያየነው ፈገግታ ከሠርጓ ፎቶ ላይ ካለው ይበልጥ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጣሪያው ወንፊት ሆነ። ሰብሳቢው ሌላ ጣሪያ ሠሪ ጠራ። የመጀመሪያው መጣ፤ የግቢው በር ላይ ደረሰ፤ “በሽታ አስተላላፊ” የሚለውን በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት ከነማህተሙ አነበበ፤ መሰላሉን አዙሮ ተመለሰ። ሁለተኛውም መጣ፣ አነበበ፣ ተመለሰ። ሁለት ሜትር ከመስኮቱ እየጮኸ “አይ! እሱ ለእሷ ነው እንጂ ለኔ አይደለም!” ቢልም የሰማው የለም።

መጀመሪያ የወረደችው ሚስቱ ናት። የዝናብ ካፖርት ለብሳ፣ እጇ ላይ ድስት ይዛ ነበር፤ ድስቱን ማስቀመጥ የረሳች ይመስለኛል፤ ወይም ልምድ ሆኖባት ይሆናል።

“እትዬ ሚስማር፣ በፈጠረሽ። ሳፋው ሞላ፣ ባልዲው ሞላ፣ አሁን ሻይ ማፍያው ነው የቀረን።”

“እሜቴ፣ ለእርስዎ ቢሆን በጥፍሬ እየቧጠጥኩ እወጣ ነበር። ግን አንቀጽ ሁለት አለ።”

“የምን አንቀጽ?”

“ባለቤትዎ የጻፉት። እኔ የሳልኩ ሰው ነኝ፤ ከምድር ቤት በላይ አይፈቀድልኝም። ሕግ አክባሪ ነኝ እኮ እሜቴ።”

“እሱማ ደረቱ ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ነው የሚተኛው” አለች ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “እኔም ጥግ ልያዝ ብል፣ ጃንጥላው ሥር ሁለት ሜትር አይሞላም ብሎ ወደ ዝናቡ አስወጣኝ።”

“ውይ፣ እርስዎንስ ከልቤ አዝንልዎታለሁ። እሳቸውን ይላኩልኝ።”

መጣ። በረጠበ ጫማው ፊጭ ፊጭ እያለ ወርዶ በትክክል ሁለት ሜትር ላይ ቆመ፤ በዚያ ሁኔታ ላይ እንኳ ሜትሩን ዘርግቶ አረጋገጠ። እኛ ሁላችን በየበራችን ጀርባ ጆሯችንን ለጥፈናል።

“ስሚ፣ ወረቀቱን ዛሬውኑ አነሳዋለሁ። በጸጥታ። ማንም ሳያይ።”

“ሲለጥፉት ማንም ሳያይ ነበር?”

“ታዲያ ምን ላድርግ ነው የምትዪው?”

“ወረቀቱን ይዘው አራተኛ ፎቅ ይቆማሉ። ጮክ ብለው ያነቡታል። ከዚያ ‘ሐሰት ነው፣ ያሳላት የኔ አሸንዳ ጭስ ነው’ ይላሉ። ሦስተኛ ፎቅ ወርደው ይደግሙታል። ሁለተኛ፣ አንደኛ፣ እንዲሁ። አባቴ እስኪሰማ ድረስ።”

“አባትሽ እኮ አይሰሙም!”

“እንግዲህ እንዲሰሙ ያድርጓቸው።”

ሁለት ሜትር ፊቱ በርበሬ መሰለ። “አፍንጫሽን ላሺ!” ብሎ ተመልሶ ወጣ። ያን ዕለት ዝናቡ አፍታም አላቆመም። በማግስቱ ጠዋት አንድ ትልቅ ድምፅ ሰማን፤ ኮርኒሱ ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ አልጋው ላይ ወድቆ ነበር። ሰውየው ለሁለተኛ ጊዜ ሲወርድ ከጸጉሩ እስከ ቅንድቡ ኖራ ለብሶ፣ ሊጋገር የተዘጋጀ ሰው መስሎ ነበር።

“እሺ” አለ።

“ወንበሯን መጀመሪያ” አለች እትዬ ሚስማር።

ከዕቃ ቤት አውጥቶ፣ ራሱ ተሸክሞ፣ ክፍካፉ ሥር አስቀመጠ። “ይጥረጓት” አለች። በኮቱ እጅጌ ጠረጋት። ሽማግሌው ኮቱን አስተካክሎ ወጣና ተቀመጠ፤ ሲቀመጥ እግሩን አነባብሮ፣ ቲያትር እንደሚያይ ሰው ነበር።

እኛም በየደረጃው፣ በየመስኮቱ ወጣን። ሰብሳቢው አራተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ወረቀቱን ዘረጋ። አነበበው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣

“ይህ ማስታወቂያ ሲወጣ ስህተት ተፈጥሯል” አለ።

“ማን ፈጠረው?” አለች እትዬ ሚስማር ከታች።

“...እኔ።”

“ሙሉውን!”

“እኔ ነኝ! ሐሰት ነው! ያሳላት የኔ አሸንዳ ጭስ ነው!”

እሷ ወደ አባቷ ዞር አለች። ሽማግሌው እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ “ምን አለ?” አለ።

“አልሰማም” አለች። “ሦስተኛ ፎቅ።”

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጮኸ። “ምን አለ?” ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጭንብሉን አውልቆ ጮኸ፤ ከማዶ ሕንፃ ሰዎች መስኮት ከፍተው “ምንድን ነው ያሳላት? ጭስ ነው?” ብለው ጠየቁ፤ የኛም ሰዎች ለማዶው፣ ማዶውም ለወዲያኛው ማዶ አስተላለፈ። ወሬው እንዲህ በጥራት ተዛምቶ አያውቅም። አንደኛ ፎቅ ላይ ድምፁ ሻከረ። ምድር ቤት ሲደርስ ከሽማግሌው ፊት፣ ዝናብ ላይ ቆሞ፣ ሁለት እጁን እንደ ጥሩንባ አድርጎ፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ፣

“ጭ-ሱ የ-ኔ ነ-ውውው!” አለ።

ከዚያም ሳለ።

አንድ። ሁለት። ጥርስ ሐኪሙ በጣቱ ሲቆጥር አየሁት። ሦስት።

“ምን ያስጮኸዋል ሰውየውን?” አለ ሽማግሌው ወደ ልጁ ዞሮ። “የመጀመሪያውን ሰምቼዋለሁ እኮ።”

“ታዲያ ለምን አልነገርከኝም አባባ?”

“ደስ እያለኝ ነበር።”

ሰብሳቢው የሰማ አይመስለኝም። አፉን እየጠረገ ወደ ደረጃው ሄዶ እግሩን የመጀመሪያው እርከን ላይ ሊያሳርፍ ሲል እትዬ ሚስማር መሰላሏን አግድም ዘረጋችበት።

“ወዴት ነው?”

“ቤቴ ነዋ!”

“ጋሼ ሰብሳቢ፣ ሦስት ጊዜ ሳሉ እኮ። ከየት እንደመጣ አልመረመርኩም፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ ነው የቆጠርኩት። አንቀጽ ሁለት፦ ‘ማንኛውም የሳለ ሰው’።”

ሰውየው ወደ ላይ ወደ እኛ አየ። ያን ጊዜ እሱን ለመርዳት ብሎ አንድ ጣት ያነሳ ሰው አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር ሳቃችንን ነበር የምንታገለው። በመጨረሻ ሚስቱ ከአራተኛ ፎቅ፣ ድስቷን እንደያዘች፣ “ኮሚቴው እናንተው ናችሁ፤ እዚያው ተሰብስባችሁ አንሱለት! ሁላችሁም ደረጃ ላይ ናችሁ፣ ርቀታችሁም ተጠብቋል!” አለች። እውነት ነው፤ ሳናስበው ተሰብስበናል። ጥርስ ሐኪሙ ፈጠን ብሎ እጁን አወጣ። ሌሎችም አወጡ። እኔም አወጣሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ነገሩ በሳቅ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

“እጃችሁን አውርዱ” አለች እትዬ ሚስማር።

አወረድን።

“እሱስ አንድ ወረቀት ነው የጻፈው። አንብቦ ያስተላለፈው ማን ነው? የአባቴ ወንበር ስትነሳ እዚህ ግቢ ውስጥ ስንት ሰው ነበር?” ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልነበረም፤ አባቷ እንዳይሰማ የምትናገርበት ድምፅ ነበር። “እሱ የራሱን ብሏል። እናንተም እየወረዳችሁ፣ አንድ በአንድ፣ ያደረጋችሁትን ለኔ ትነግሩኛላችሁ። የመጨረሻው ሰው ተናግሮ ሲጨርስ አንቀጽ ሁለት ይነሳል፤ እሱም ይወጣል፣ እኔም እወጣለሁ።”

“በዚህ ዝናብ?” አለ አንዱ።

“ዝናቡማ የኔ ነው” አለች።

ተራ ያዝን። ሁለት ሜትር እየተራራቅን፣ ከአራተኛ ፎቅ እስከ ግቢው በር። ጥርስ ሐኪሙ “የእጅ መሣሪያሽን ደረጃ ላይ ሳገኘው በእግሬ ገፋሁት” አለ፤ “ቀጥሎ” አለችው። አንደኛ ፎቅ ያለችው መምህርት “ለተማሪዎቼ ስምሽን ሳልጠራ አንቺን ምሳሌ አድርጌ አስተማርኩ” አለች፤ “ቀጥሎ” አለቻት። ለማንም ግድ የለም አላለችም፤ ለማንም ይቅር አላለችም። እያንዳንዱን እያየች ሰማች፤ ሰብሳቢው ደግሞ በረጠበ ኖራ ተለስኖ ደረጃው ሥር ቆሞ ተራችን እስኪያልቅ ጠበቀ።

የኔ ተራ ደረሰ። ቤቴ በቀጥታ ከሷ በር በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አስቀድሜ አዘጋጅቼው ስለነበር ፈጠን ብዬ ጀመርኩ።

“እትዬ ሚስማር፣ ስትስዪ ሰምቼ መስኮቴን ዘጋሁ።”

“የትኛውን?”

“ሁለቱንም።”

“ያለህ ሦስት ነው” አለች። “የኩሽናውን አልቆጠርከውም። አባቴ ከታች ሆኖ በዚያ በኩል ሰላም ሲልህ ነበር የዘጋኸው።”

ዝናቡ አንገቴ ውስጥ ይገባል። ከኋላዬ ያሉት ቶሎ በል ይሉኛል። ቀና ብዬ ወደ ወንበሩ አየሁ፤ ሽማግሌው እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ፊቱን ወደኔ አዙሮ ይጠብቃል።

“የኩሽናውንም” አልኩ።

“ጮክ በል” አለች።